ረቡዕ ከደረጃው ሥር

«ዛሬ ጸሎቱ ብሩኬ ቤት ነው፣ አስኮ። እነ ውዳሴ ቤት አይሆንም ተብሏል። ኤልዳናን ዮኤል የሞተበት ክፍል አስገብተን ነው እንዴ ስለ ፈውስ የምንጸልየው? እኔ እንኳ ኮርኒሱን ቀና ብዬ ሳይ ይጨንቀኛል።»

ይህን የምትለው አልማዜ ነበረች፤ ቀራንዮ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል አጣብቃ፣ እርጥብ ዣንጥላዋን እያጠፈች። ውዳሴ ሁለት ሰው ቀድማት ቆማለች። ለካፊያው ብላ ሻርፗን እስከ ግንባሯ ስለተከናነበች ከኋላ ማንም አይለያትም። የአልማዜን ድምፅ እንደሰማች ዞር ብላ ሰላም ልትላት ነበር፤ የራሷን ስም ስትሰማ ግን አንገቷ እንደቀና ቀረ። «ገና አልነገርናቸውም» ቀጠለች አልማዜ። «ጋሽ ፍቅሬ ‹እኔ እነግራቸዋለሁ› ብለዋል፤ ምን ብለው እንደሚነግሯቸው ጌታ ይወቅ። አንቺ ብቻ ዳቦውን እንዳትረሺ። ለስላሳውን እኛ እንይዛለን።» ረዳቱ «ጦር ኃይሎች፣ አንድ ሰው! የሞላ!» ሲል ውዳሴ ገባች። በመስኮቱ ስታያት አልማዜ አሁንም እያወራች ነው፤ ደግ ፊቷ ላይ ክፋት የሚባል ነገር የለም። ዮኤል የታመመ ጊዜ አንሶላውን ሳትጸየፍ ያጠበች እሷ ነበረች።

የረቡዕ ጸሎት በነውዳሴ ቤት የቆየ ነው። እሷ በሙሽርነት ሳትገባ በፊት የባሏ የዮኤል እናት እማማ ዘመነች ሳሎናቸውን ለኅብረቱ ከፍተው ነበር። ቤቱ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ያለ የጭቃ ቤት ነው። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው፤ ዝናብ በገባበት በኩል ቡናማ ክብ ክብ ሠርቷል። ጎን ላይ የተጀመረው ፎቅ አጥንቱ ብቻ ቆሞ ስለቀረ ከቀትር በኋላ ሳሎኑ ፀሐይ አያገኝም። አግዳሚ ወንበሮቹ ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳ ተደግፈው ይከርሙና ረቡዕ ወደ መሃል ይሳባሉ። የኅብረቱ መሪ ጋሽ ፍቅሬ የጸሎት ርዕስ ይሰጣሉ፦ የእገሌ ሥራ፣ የእገሊት ፅንስ፣ የአገር ሰላም። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ድምፁን አንሥቶ ይጸልያል። አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ሰይጣንን ይገሥጻል፣ አንዷ በልሳን ትናገራለች፣ እማማ ዘመነች አማርኛውን ትተው በወላይትኛ ይገባሉ። ከአጥር ወዲያ ያሉት ጎረቤቶች «ጴንጤዎቹ ጀመሩ» ይሉና ቴሌቪዥናቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

በዚያ ጩኸት ውስጥ ማንም ማንንም አይሰማም። ውዳሴ ዮኤል ከሞተ ወዲህ መጸለይ ትታለች፤ ይህን የሚያውቅ የለም። ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ያየ ሰው የምትማልድ ይመስለዋል። እሷ ግን የምታወራው ለዮኤል ነው። «የባኞው ቧንቧ ዛሬም ያንጠባጥባል። ሽንኩርት ኪሎው መቶ ብር ገባ። እናትህ የስኳር መርፌያቸውን ራሳቸው መውጋት ጀምረዋል፤ እኔን አያስጠጉኝም። ግራጫ ሹራብህን ወንድምህ ጠይቆኝ ነበር፤ ጠፍቷል አልኩት።» በእነሱ እምነት ከሞተ ሰው ጋር ወሬ የለም። ይህን እሷም ታምንበታለች፣ ወይም ታምንበት ነበር። በሌሎቹ ቀናት በዚያ ቤት ስሙ አይነሣም። ሁለቱ ሴቶች አንድ ሳህን ላይ ይበላሉ፣ ስለ መብራትና ስለ ውሃ ይነጋገራሉ፣ አንዷ ሌላዋ እንዳትደፈርስ እየተጠነቀቁ በጊዜ ይተኛሉ። እማማ ዘመነች የሚያለቅሱት ረቡዕ ብቻ ነው። እንባቸው እስከ አንገታቸው ይወርዳል፤ ጸሎቱ ሲያበቃ በነጠላቸው ጠርገው «ሻይ አቅርቢላቸው ልጄ» ይላሉ። ታክሲው ኮልፌን አልፎ ሲወርድ ውዳሴ ይህን ሁሉ አሰበች። ረቡዕ ከቤት ከወጣ ለሁለቱም የሚቀር ነገር የለም። እማማ በጉልበታቸው ምክንያት ከግቢው በር አያልፉም፤ የብሩኬ ቤት ደግሞ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ።

እስከ ቀትር አስተማረች። የምታስተምረው ጂኦግራፊ ነው፤ ስለ ዝናብ ጥላ አስረዳች፣ ሰሌዳው ላይ ተራራ ሳለች፣ አጠፋች። በመምህራን ክፍል ጌታቸው የሚባለው የሒሳብ መምህር የሻይ ብርጭቆውን እያማሰለ «ዛሬስ ዝናቡ አንቺም ፊት ላይ ዘንቧል» አላት። «እንቅልፍ ነው» አለችው። ዳቦና ለስላሳ የሚለው ነገር ከጆሮዋ አልወጣም። ለዮኤልም ዳቦና ለስላሳ ነበር። ጉበቱ አልቋል ተብሎ ከሆስፒታል ወደ ቤት ከተመለሰ በኋላ፣ አልጋው ሳሎን ተዘርግቶ ስንት ረቡዕ ሲጸለይለት ቆይቶ፣ አንድ ቀን «ከዚህ በኋላ መለመን ይብቃ፤ ጌታ ሰምቷል፣ እናመስግን» ተባለ። በኅብረቱ ዘንድ ይህ የተለመደ ነው፤ ገና በዓይን ያልታየውን ፈውስ እንደተቀበሉት ቆጥሮ አስቀድሞ ማመስገን። ዳቦ ተቆረሰ፣ እልል ተባለ፣ እማማ ዘመነች በዚያ ጉልበታቸው ተነሥተው አጨበጨቡ። በሚቀጥለው ወር ዮኤል በዚያው አልጋ ላይ ሞተ። ከቀብሩ በኋላ ማንም «ተሳስተን ነበር» አላለም፣ ማንም ግን ረቡዕን አልቀረም። መጡ፣ አግዳሚውን ሳቡ፣ ርዕስ ተሰጠ። ውዳሴ መምጣታቸው በቅቷት ነበር። አሁን ቤቱን ጥፋተኛ ማድረጋቸው ነው ያንገበገባት፤ ለዮኤል ያልሠራው ጸሎቱ ራሱ እንደሆነ ማመን ከብዷቸው በጭቃ ግድግዳ ማሳበባቸው።

የጋሽ ፍቅሬ ሱቅ ጦር ኃይሎች ከታክሲ ተራው ጀርባ ነው፤ ቀለም፣ ሚስማርና ቆርቆሮ ይሸጣሉ። ሲያዩዋት መነጽራቸውን አወለቁ። «ነይ ውዳሴ፣ ነይ ግቢ። እዚያ ባልዲ ላይ ተቀመጪ፤ ክዳኑ ደርቋል፣ ቀሚስሽን አይነካም።» አልተቀመጠችም።

«ጋሽ ፍቅሬ፣ ጸሎቱ ከእኛ ቤት መነሣቱን ከታክሲ ሰልፍ ሰማሁ።»

«ከታክሲ ሰልፍ?» አሉና ግንባራቸውን አሹ። አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ የዘይት ቀለም ጋሎኑ ስንት እንደሆነ ጠየቀ። ነገሩት። «ኧረ ባለፈው ሳምንት እንዲህ አልነበረም!» አለ ሰውየው። «ባለፈው ሳምንትማ እኔም ወጣት ነበርኩ» አሉት። ሰውየው ስቆ ሄደ፤ እሳቸው አልሳቁም።

«እማማን ምን ብዬ ነው የማስረዳቸው?» አለች ውዳሴ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገረው፤ ስትቆጣ እንዲህ ናት። «ልጅዎ ስለሞተበት ቤትዎ አይጸለይበትም ልበላቸው? ያን ሁሉ ዓመት የተቀመጣችሁበት አግዳሚ ነው እኮ። ሰው ያልሞተበት ቤት ፈልጋችሁ እስከ መቼ ልትዞሩ ነው?»

«ልክ ነሽ» አሉ ጋሽ ፍቅሬ። መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «ለእማማ ዘመነች ምንም ማስረዳት አይጠበቅብሽም። እኛ አይደለንም እሳቸውን የነገርናቸው፤ እሳቸው ናቸው እኔን የነገሩኝ። እሑድ አስጠርተውኝ ‹ልጅቷን እኔ ቤት እንዳታመጧት› አሉኝ። ‹ከእኔ እንደመጣ ግን ለውዳሴ አትንገሯት፣ ይከፋታል› አሉኝ። ይኸው፣ ነገርኩሽ። ይቅር ይበሉኝ።»

ውዳሴ ያኔ ባልዲው ላይ ተቀመጠች።

ቤት ስትደርስ እማማ ዘመነች በረንዳው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ምስር ይለቅማሉ። አግዳሚዎቹ እንደተደገፉ ናቸው። ሌላ ረቡዕ ቢሆን ይህን ጊዜ «ቴርሞሱን አጠብሽው?» ብለው ጠይቀው ነበር። ምሳ በሉ። ውዳሴ ቲማቲም መወደዱን ነገረቻቸው፤ «ታዲያ ያለ ቲማቲም ስንት ዘመን ኖርን» አሉ። ከመድኃኔዓለም የድምፅ ማጉያ የስብከት ድምፅ በነፋስ እየመጣ ይሄዳል። ሳህኑን አነሣች፣ አጠበች፣ ተመልሳ መጣችና ከፊታቸው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። በዚያ ቤት ፊት ለፊት መቀመጥ ከቀረ ቆይቷል።

«ጋሽ ፍቅሬ ጋ ሄጄ ነበር» አለች።

እማማ ዘመነች እጃቸው ከምስሩ ላይ አልተነሣም። «አፉን መያዝ አይችልም እሱ ሰው» አሉ። ምስሩን በእጃቸው ገለበጡት። «ኤልዳና ዮኤል ተኝቶ ሳለ ትመጣ ነበር፤ ታስታውሻለሽ። እግሩ ሲያብጥ በሞቀ ውሃ እየነከረች ትዘምርለት ነበር። አሁን እሷን በተራዋ እዚህ አምጥተው ቢያስተኟት እኔ የት ልቀመጥ ነው? ከፊቷ ነው የምቀመጠው። እነሱ ‹አመስግኑ› ሲሉ እኔ ማመስገን አልችልም፤ አንዴ አመስግኜያለሁ። ፊቴን ታያለች ልጄ። የእሱን እናት ፊት እያየች እንዴት አድርጋ ትመን?»

«እርስዎስ? ረቡዕን ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ። እቀመጣለሁ።» አንዲት ጠጠር ከምስሩ መርጠው ወደ ግቢው ወረወሩ። «እኔ ሽማግሌ ነኝ። እሷ ልጅ አላት።»

ውዳሴ ተነሥታ ክፍሏ ገባች። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የቧንቧውን ጠብታ ሰማች። ሰዓቱ እየደረሰ ነበር፤ ሰው መምጣት የሚጀምርበት፣ በሩ የሚንኳኳበት፣ «ጌታ ይባርካችሁ» እየተባለ ዣንጥላ ጥግ ላይ የሚከመርበት ሰዓት። ወጥታ ስታይ እማማ ዘመነች ሳሎን ገብተው ረቡዕ በሚቀመጡበት ቦታ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ባዶውን ወለል እያዩ። አንዴ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣም። ብቻቸውን ሆነው መጀመር አልቻሉም።

«ይነሡ እማማ፣ እንሂድ» አለች ውዳሴ።

«የት?»

«አስኮ። ፎቅ አንወጣም። ታች እንቀመጣለን፤ አታየንም።»

«አብደሻል እንዴ አንቺ ልጅ?» አሉ። ግን ዱላቸውን ፈለጉ።

ሰማያዊ ላዳ አስቆመች። ሹፌሩ ዋጋውን ሲናገር እማማ ዘመነች በሩን እንደያዙ «ልጄ፣ የምንሄደው አስኮ ነው፤ መኪናህን ልንገዛ አይደለም» አሉት። ሳቀና ትንሽ ቀነሰላቸው። ዝናቡ አቁሞ ጭቃው ብቻ ቀርቶ ነበር። የኮንዶሚኒየሙ መግቢያ ጠባብ ነው፤ የመብራት ቆጣሪዎች፣ በሰንሰለት የታሰሩ ጀሪካኖች፣ ቀለሙ እስከ ሰው ትከሻ ድረስ የተላላጠ ግድግዳ። ከምድር ቤቱ አንዲት ሴት የሽንኩርት ቢላዋ እንደያዘች ብቅ ብላ «ሰው ፈልገው ነው እማማ?» አለች።

«ለጸሎት ነው» አሉ እማማ ዘመነች።

«እሱማ ላይ ነው፣ አራተኛ።»

«እናውቃለን። እዚሁ ይበቃናል።»

ሴትየዋ ተራ በተራ አየቻቸው። ምንም ሳትጨምር ገብታ በርጩማ አምጥታ ሰጠቻቸውና በሯን ገርበብ አድርጋ ተመለሰች። ውዳሴ ከአጠገባቸው፣ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ሲሚንቶው በቀሚሷ አልፎ ይቀዘቅዛል። ብዙም ሳይቆይ ከላይ ጀመሩ። አራት ፎቅ ወርዶ ሲመጣ ቃሉ አይለይም፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ብዙ ሆኖ አንድ ነው። አልፎ አልፎ የጋሽ ፍቅሬ ድምፅ ከሌላው በላይ ይወጣና ተመልሶ ይሰምጣል። እማማ ዘመነች ጥቂት አዳመጡ። ከዚያ በወላይትኛ፣ ቀስ ብለው፣ ጀመሩ።

ውዳሴ እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፈነች። ለዮኤል ልትነግረው የነበረ ነገር ነበራት፤ ግን ጩኸቱ ሩቅ ነው፣ ትከሻዋ የእናቱን ትከሻ ይነካል፣ ብታወራ ይሰሟታል። ዝም አለች። ዝም ስትል ነው የእማማን ጸሎት በቅርብ የሰማችው። ቋንቋውን አታውቀውም። በመሃሉ ግን የዮኤልን ስም ሰማች፤ አንዴ፣ ቆይቶም ደግሞ። ኤልዳና የሚለውንም ሰማች። ሁለቱ ስሞች በዚያ በማታውቀው ቋንቋ ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ ነበሩ። ውዳሴ የኤልዳናን ስም ለማንሣት ሞከረች። አልወጣም። ያልወጣበትን ምክንያት እዚያው ደረጃ ላይ አወቀችው፦ ኤልዳና ብትድን ደስ አይላትም። ኤልዳና ከዳነች እሱ ለምን አልዳነም? ይህን ለማን እንደምትናገረው አታውቅም፤ ተናገረችው ግን፣ በሹክሹክታ፣ ለላይኛው ጩኸት ወይም ከጩኸቱ በላይ ላለው። በዓመት ውስጥ ለዮኤል ያልሆነ የመጀመሪያ የጸሎት ቃሏ ይህ ነበር። መልስ አልመጣም። ደረቷም አልቀለላትም። እማማ ዘመነች ጸሎታቸውን ሳያቋርጡ እጃቸውን ጉልበቷ ላይ አሳረፉ፤ ሰምተዋት ይሆን አይሁን አላወቀችም።

ከዚያ እልልታው መጣ። ጭብጨባ፣ ዝማሬ፣ እንደገና እልልታ፤ የለስላሳ ጠርሙስ መከፈቱ ሳይቀር የሚሰማ መሰላት። እማማ ዘመነች አፋቸውን ዘጉ። ሁለቱም ሳይተያዩ ተቀመጡ። መሄድ ነበረባቸው፤ ላዳውን ግን ጠብቀን አላሉትም ነበር፣ እማማም ቶሎ መነሣት አይችሉም። ከላይ በር ተከፈተ። የእግር ኮቴ፣ «ቀስ፣ ቀስ፣ በዚህ በኩል» የሚል ድምፅ ወረደ። ኤልዳናን በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው እያወረዷት ነው፤ ባሏ ኤልያብ ከፊት፣ የብሩኬ ወንድም ከኋላ። የመጨረሻውን መታጠፊያ ሲዞሩ ኤልያብ አያቸውና ቆመ።

«እማማ ዘመነች!» አለ። የብሩኬ ወንድም ዓይኑን ግድግዳው ላይ አደረገ።

«አስቀምጡኝ እስቲ» አለች ኤልዳና። «እጃችሁም ይረፍ። ድሮ ብትሸከሙኝ ነበር ጉድ የሚፈላው።» ፊቷ ቢጫ ሆኗል፤ ዓይኖቿ ብቻ የቀድሞዎቹ ናቸው። ግንባሯ ላይ የተቀባችው ዘይት ያብለጨልጫል። «ኤልያብ፣ መኪናውን አስጠጋው። አንተም እርዳው፣ ጭቃ ነው። እኔ ከእነሱ ጋ ነኝ።» እንዲሄዱ ጠበቀች። እማማ ዘመነች ፊታቸውን በነጠላቸው ሊሸፍኑ ሲሉ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«እማማ፣ ለዮኤልም እንዲህ ተደርጎለት ነበር፣ አይደል? ዳቦው፣ እልልታው።»

«አዎ ልጄ።»

«ምን አለ ያን ዕለት? ከሄድን በኋላ?»

እማማ ዘመነች ወደ ውዳሴ ዞሩ። ውዳሴን ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ እናቱም። «‹አልማዜ ምን ያህል እንደተደሰተች አየሽ?› አለኝ» አለች። «ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ደስ ብሎት መስሎኝ ነበር።»

ኤልዳና ራሷን ነቀነቀች። «እኔም እነሱን ነው የምፈራው» አለች፣ በጣም ዝቅ ብላ። «ሞቱንስ አንዴ ለምጄዋለሁ። እንዲህ ጮኸው፣ እንዲህ ተደስተው፣ ዳቦ ቆርሰው... አሳፍራቸዋለሁ። ዛሬ ሲያጨበጭቡ እኔም አጨበጨብኩ። ሲያመኝ እንኳ ከእንግዲህ አመመኝ ልላቸው ነው?» ትንፋሽ አጥሯት አቋረጠች። የመኪና ጡሩምባ ከውጭ ተሰማ። «ጸሎቱን ግን እፈልገዋለሁ። ያ ሁሉ ድምፅ ዙሪያዬን ሲሆን... ብቻዬን አይደለሁም። የሚመጣው ረቡዕ እናንተ ቤት ያምጡኝ።»

«እዚያማ...» አሉ እማማ ዘመነች።

«እናንተ ቤት መዳን የለብኝም» አለች ኤልዳና።

ኤልያብና የብሩኬ ወንድም ተመልሰው መጡ። ወንበሩን ግራና ቀኝ ይዘው ሲያነሡት በቀላሉ ተነሣ፤ ከጠበቁት በላይ ቀልሏቸው ሁለቱም ትንሽ ተንገዳገዱ። እማማ ዘመነች ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አውርደው የኤልዳና ጉልበት ላይ ጣል አደረጉላት። ኤልያብ ደፉን ሲሻገር ወደ ኋላ ዞሮ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው «ጋሽ ፍቅሬ የሚቀጥለውም እዚሁ ይሁን ብለዋል፣ አራተኛ ፎቅ» አለ።

«አይደለም» አለችው ውዳሴ። «እኛ ቤት ነው።»